መጻተኛ በቶኪዮ ከተማ፤ ስለ ኑሮውና ስለ መዝናኛው

ሰው ከተወለደበት አገር ርቆ ሲኖር ሁለት ነገሮች ይፈትኑታል፤ አንደኛው ማጣት፣ ሁለተኛው ብቸኝነት ነው። ማጣትን በሥራና በቁጠባ ያሸንፉታል፤ ብቸኝነት ግን ገንዘብ ባለበትም፣ ሕዝብ በሚተራመስበትም፣ መብራት ሌሊቱን ሙሉ በማይጠፋበትም ከተማ ዘው ብሎ ይገባል። ይህ ነገር ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ የጃፓን ዋና ከተማ ቶኪዮ ናት። ስለዚህ ከልዩ ልዩ አገር መጥተው በዚያች ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ የዕረፍት ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ፣ ከሁሉም ይልቅ ጎረቤት ያለው ሰው ለመሆን ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባብያን ልንገልጽ አሰብን።

ስለ ሩቅ አገር ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ጃፓን ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ስም አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደዚያ ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለሕዝብ አቅርበዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ጃፓንን ጎብኝተዋል። አበበ ቢቂላም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በ1964 የቶኪዮን ጎዳና ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶንን ወርቅ አግኝቷል። ዛሬም የጃፓን መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች በ2013 ባስታወቀው የትምህርት ዕድልና በሌላም መንገድ ከአገራችን ወጣቶች ወደዚያ ይሄዳሉ። ልጃቸውን የላኩ ወላጆች ሁሉ ልጁ ምን በልቶ፣ ከማን ጋር ተጫውቶ፣ የት ጸልዮ እንደሚያድር ማሰባቸው አይቀርም።

የፈረሰው ቅጥርና ያልፈረሰው

ጃፓን ደጇን ከ200 ዓመት በላይ ዘግታ ከኖረች በኋላ በ1859 የዮኮሃማን ወደብ ከፈተች። በቶኪዮም በ1869 ፁኪጂ የሚባለው የባሕር ዳር ሠፈር ለውጭ አገር ሰዎች ተከለለ። እስከ 1899 ድረስ ነጋድያንና ሚሲዮናውያን እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው በዚያ ክልል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ቤተሰቦች በዮዮጊ ሜዳ «ዋሽንግተን ሃይትስ» የተባለ መንደር ሠራ። መንደሩ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ሱቅና የራሱ ቲያትር ቤት ስለ ነበረው በውስጡ ያለ ሕፃን ከቅጥሩ ወዲያ ስለሚኖረው ጃፓናዊ እኩያው ምንም ሳያውቅ ሊያድግ ይችል ነበር። ቦታው ለ1964ቱ የኦሎምፒክ ጨዋታ ወደ ጃፓን ተመልሶ የስፖርተኞች መንደር ሆነ፤ በ1967 ደግሞ ለሕዝብ ሁሉ የተከፈተ መናፈሻ ሆነ። ዛሬ በእሑድ ቀን በዚያ መናፈሻ የሁሉም አገር ልጆች በአንድ ሣር ላይ ሲሯሯጡ ይታያሉ።

ስለዚህ የድንጋዩ ቅጥር ፈርሷል። ወደ 14 ሚሊዮን ከሚሆነው የቶኪዮ ሕዝብ መካከል ከ6 መቶ ሺህ በላይ የሆኑት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም የሚበዙት ቻይናውያን፣ ኮሪያውያን፣ ቬትናማውያን፣ ኔፓላውያንና የፊሊፒን ሰዎች ናቸው እንጂ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው አሜሪካውያንና አውሮፓውያን አይደሉም። ሁሉም በየወገኑ ሠፈር አለው። ኮሪያውያን በሺን ኦኩቦ፣ የበርማ ሰዎች በታካዳኖባባ፣ ሕንዶች በኒሺ ካሳይ፣ ከኤምባሲዎችና ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር የመጡት ምዕራባውያን በአዛቡና በሂሮ ይሰበሰባሉ። የእኛም ወገኖች ቍጥራቸው ጥቂት ቢሆንም በምሥራቅ በኩል ባለው በካትሱሺካ ወረዳ ተቀራርበው ይኖራሉ።

ከወገን ጋር መቀራረብ መልካም ነው፤ የታመመውን ለመጠየቅ፣ ያዘነውን ለማጽናናት የሚፈጥነው የአገር ሰው ነውና። ነገር ግን ማንም ሳያየው በልብ ውስጥ የሚታነጽ ሌላ ቅጥር አለ። ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ወገኖቹ ክለብ፣ ከክለቡ ወደ ቤቱ ብቻ የሚመላለስ ሰው 10 ዓመት ኖሮ ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛውን ጎረቤቱን በስሙ ሳያውቅ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው በቶኪዮ ተቀመጠ ይባላል እንጂ በቶኪዮ ኖረ ሊባል አይቻልም።

ስለ ቤትና ስለ ጎረቤት

የመጻተኛው የመጀመሪያ ፈተና ቤት መከራየት ነው። ተከራይ ከወር ኪራዩ በቀር መያዣ፣ ለባለቤቱ የማይመለስ የምስጋና ገንዘብና ለደላላው ክፍያ በአንድ ጊዜ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ በዚህም ላይ ዋስ ያስፈልገዋል። የጃፓን የፍትሕ ሚኒስቴር በ2017 ባወጣው ጥናት ቤት ከፈለጉት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ከ10ሩ 4 ያህሉ የውጭ ሰው በመሆናቸው ብቻ ተከልክለዋል። ይህ የሚያሳዝን ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቶቹ ለምን እንደሚፈሩ ቢጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ቋንቋ አለማወቅን፣ የሌሊት ጩኸትንና የጥራጊን ነገር ነው።

የጥራጊ ነገር በእኛ አገር ቀላል ይመስላል፤ በቶኪዮ ግን የጠባይ መመዘኛ ነው። የሚቃጠለው፣ የማይቃጠለው፣ እንደ ጠርሙስና እንደ ቆርቆሮ ያለው ዳግመኛ ለሥራ የሚውለው ሁሉ ለየብቻው ተለይቶ በተወሰነለት ቀን ማለዳ ይወጣል። ሳይለይ የወጣውን ሠራተኞቹ ማስጠንቀቂያ ለጥፈውበት እዚያው ይተዉታል፤ ጎረቤትም ሁሉ የማን እንደ ሆነ ይገምታል። ወደ አዲስ ቤት የገባ ሰው በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች እየዞረ፣ ፎጣ ወይም ጣፋጭ ነገር ይዞ ስሙን ቢነግር የቆየውን የአገሩን ልማድ አከበረ ማለት ነው። ይህችን ትንሽ ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገ ሰው በኋላ ከብዙ ቅሬታ ይድናል።

በየሠፈሩም የሠፈር ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር ከእኛ እድር ጋር የሚመሳሰልበት ነገር ብዙ ነው፤ ጥቂት መዋጮ ይሰበስባል፣ መንገድ ያስጠርጋል፣ የሠፈሩን በዓል ያዘጋጃል፣ ለአደጋ ጊዜም ሰዉን ያሠለጥናል። በዓመት በዓመቱ በመስከረም 1 ቀን ሕዝቡ የአደጋ መከላከያ ልምምድ ያደርጋል። ቀኑ የተመረጠው በመስከረም 1 ቀን 1923 ቶኪዮንና ዮኮሃማን አፍርሶ ከ1 መቶ ሺህ በላይ ሰው ለፈጀው የመሬት መንቀጥቀጥ መታሰቢያ ነው። በዚያን ጊዜ ኮሪያውያን ጉድጓድ ውኃ መረዙ፣ እሳት ለኰሱ የሚል የሐሰት ወሬ ተነዝቶ ብዙ ኮሪያውያን ያለ ኀጢአታቸው ተገደሉ። ነገሩ መቶ ዓመት ያለፈው ቢሆንም ትምህርቱ አላለፈም። መጻተኛ በጎረቤቱ ዘንድ በስሙና በፊቱ ካልታወቀ በክፉ ቀን ወሬ ይተረጕመዋል። ስለዚህ በልምምዱ ቀን ከሠፈሩ ሰዎች ጋር ባልዲ መቀባበል የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም።

ስለ መዝናኛ

ቶኪዮ ገንዘብን የሚበላ መዝናኛ ሞልቶባታል። ፓቺንኮ የሚባለው የብረት ኳስ መጫወቻ ቤት በየባቡር ጣቢያው አጠገብ በጩኸትና በብርሃን ይጣራል፤ መልኩ ጨዋታ ይምሰል እንጂ ፍሬው የቁማር ፍሬ ስለ ሆነ የወር ደመወዝ በአንድ ሌሊት የጨረሰበት ሰው ጥቂት አይደለም። መጠጥ ቤቱም እንዲሁ ነው። ከሥራ በኋላ ከባልደረቦች ጋር መጠጣት በጃፓን ከሥራው እንደ አንድ ክፍል ስለሚቈጠር ጥሪውን ሁልጊዜ መከልከል እንደ ኩራት ይታያል። ነገር ግን የማይጠጣ ሰው ሻዩን ይዞ ቢቀመጥና ለሌላው ቢቀዳ ማንም አይቀየመውም፤ እዚያ አገር የራስን ብርጭቆ ራስ መሙላት ሳይሆን ለጎን ሰው መቅዳት ነው ጨዋነቱ። ባቡሩ እኩለ ሌሊት ካለፈ ጥቂት ቈይቶ ሥራውን ስለሚያቆም፣ ሰዓቱን የረሳ ሰው ለታክሲ ብዙ ይከፍላል ወይም እስኪነጋ ከደጅ ይቀራል።

ካራኦኬ በተባለው ጨዋታ ሰዎች ትንሽ ክፍል በሰዓት ተከራይተው ያለ ዘፋኝ የተቀረጸውን ሙዚቃ እየተከተሉ በየተራ ይዘፍናሉ። መሣሪያውን በ1971 በኮቤ ከተማ የሠራው ኢኖኡዬ ዳይሱኬ የተባለ የሙዚቃ ሰው ነው። መጻተኛ በዚህ ጨዋታ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ በሥራ ቦታ ድምፁ የማይሰማው ጃፓናዊ በወዳጆቹ መካከል ሲሆን ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ተራውንም ለሌላው ይለቃል። ዝምታው የጥላቻ አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የትግል ወዳጆች ደግሞ በጥር፣ በግንቦትና በመስከረም ወደ ርዮጎኩ አዳራሽ ይሄዳሉ፤ በዚያም የሱሞ ውድድር እያንዳንዱ 15 ቀን ይፈጃል። የሱሞ ታሪክ ስለ መጻተኞች የሚነግረን ነገር አለ። ታካሚያማ የተባለው የሃዋይ ሰው በ1972 ከውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው ባለድል ሆነ፤ ሌላው የሃዋይ ተወላጅ አኬቦኖ በ1993 ዮኮዙና የተባለውን ከፍተኛ ማዕርግ ከውጭ ሰዎች በመጀመሪያ አገኘ፤ ከሞንጎልያ የመጣው ሐኩሆም 45 ጊዜ አሸንፎ ከሁሉ በላይ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ክብሩን ያገኙት በሰውነታቸው ግዝፈት ብቻ አይደለም። ገና በወጣትነታቸው ከጃፓናውያን ጋር በአንድ ቤት አድረው፣ ቤት ጠርገው፣ ለታላላቆቻቸው ወጥ ሠርተው፣ ቋንቋውን ተምረው ነው። በጃፓን የተከበረው በር የሚከፈተው ከታች ጀምሮ ለሚገባ ሰው ነው።

ለቤተሰብ የሚስማማው መዝናኛ ግን አብዛኛው ርካሽ ወይም ያለ ዋጋ ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ የቼሪ ዛፍ ሲያብብ ሕዝቡ በኡዬኖ መናፈሻና በየወንዙ ዳር ምንጣፍ ዘርግቶ ከቤቱ የያዘውን ይበላል። አበባው ሳምንት ያህል ቈይቶ ይረግፋል፤ ጃፓናውያንም የሚወዱት ስለሚረግፍ ጭምር ነው ይላሉ። በሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ በሱሚዳ ወንዝ ላይ ርችት ይተኰሳል፤ የልማዱ መነሻ 1733 ነው ይባላል። ከከተማው በስተ ምዕራብ ታካኦ የሚባል 599 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ፤ ከሺንጁኩ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ሕፃናትም ሽማግሌዎችም በአንድ ቀን ወጥተው ይመለሳሉ። በየወረዳው በጎ ፈቃደኞች በጥቂት ዋጋ የጃፓንኛ ቋንቋ ያስተምራሉ። መጻተኛ ከሌላው መጻተኛና ከአገሬው ሽማግሌ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጥበት ስለ ሆነ ትምህርትም ጨዋታም ነው።

የሠፈሩ መታጠቢያ ቤትም ሊረሳ አይገባውም። በ1968 በቶኪዮ ከ2 ሺህ 6 መቶ በላይ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ነበሩ፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ መታጠቢያ ስላበጀ ዛሬ ከ5 መቶ አንሰዋል። ወንዶችና ሴቶች በየክፍላቸው ይገባሉ፤ ገላን አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ጨርሶ ከዚያ በኋላ ወደ ሙቁ ገንዳ መግባት ሕግ ነው። የመሥሪያ ቤቱ አለቃና ጫማ ጠጋኙ በአንድ ውኃ ውስጥ ስለሚቀመጡ የሠፈር ወሬ የሚሰማው በዚያ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ በጃፓን ንቅሳት የወንበዴ ማኅበር ምልክት ተደርጎ ስለኖረ ብዙ የፍል ውኃ ቤቶች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም። ስለዚህ በግንባሯ ወይም በእጇ መስቀል የተነቀሰች እናት አስቀድማ ብታስጠይቅ ከኀፍረት ትድናለች።

በዓልና አምልኮ

ከዚህ ላይ ለክርስቲያን ቤተሰብ የሚከብድ ጥያቄ ይመጣል። የሠፈሩ በዓል ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያገናኝ ትልቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በዓላት የሺንቶ አምልኮ በዓላት ናቸው። በግንቦት ወር በአሳኩሳ በሚከበረው በሳንጃ በዓል ሕዝቡ በትከሻው የሚሸከመው ያጌጠ ነገር ተራ ጌጥ አይደለም፤ የአማልክት ማደሪያ ነው ተብሎ የሚታመን ነው። ታዲያ መጻተኛው ክርስቲያን ምን ያድርግ? ሁሉን ቢሸሽ ጎረቤቱን ያሳዝናል፤ ሁሉን ቢቀበል እምነቱን ያቃልላል።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። ማምለክ ሌላ ነው፣ ማገዝ ሌላ ነው። መንገዱን ከሠፈሩ ሰዎች ጋር መጥረግ፣ ለሕፃናት በሚዘጋጀው የምግብ ዳስ ማገልገል፣ ለሚደክሙት ውኃ ማቅረብ የፍቅር ሥራ ነው። መስገድና ማደሪያውን መሸከም ሲጠየቅ ግን «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በሌላው ሁሉ አብሬያችሁ ነኝ» ብሎ በትሕትና መናገር ይገባል። ይህን የሚል ሰው እጁን አጣምሮ የቆመ ከሆነ ቃሉ ስንፍና ይመስላል፤ መጥረጊያ ይዞ የተናገረው እንደ ሆነ ግን ይከበርለታል።

የራሳችን በዓልም ብርታት ይጠይቃል። በጃፓን ታኅሣሥ 25 ቀን የሥራ ቀን ነው፤ ሕዝቡ ኬክና የተጠበሰ ዶሮ እየገዛ ቢደሰትበትም ስለ ልደቱ የሚያስብ ጥቂት ነው። የእኛ ገና ጥር 7 ቀን ሲሆን የአዲስ ዓመት ዕረፍት አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው የተመለሰበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ አስቀድሞ ፈቃድ ካልጠየቀ፣ ሌሊቱን ካልጸለየበትና ጎረቤቱን ለቡና ካልጠራበት በዓሉ ሳይታወቅ ያልፋል።

ስለ መብልና ስለ ጾም

ጾምን ለመጠበቅ ጃፓን የምትመች ትመስላለች፤ አኩሪ አተር፣ ሩዝ፣ የባሕር ቅጠልና ልዩ ልዩ አትክልት ሞልቷልና። ነገር ግን የወጡና የሾርባው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ዓሣ የማይበላ ጿሚ ሳይጠይቅ መብላት የለበትም። ከዓሣም ከሥጋም የራቀ ምግብ የሚፈልግ ሰው የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡትን «ሾጂን» የተባለውን የአትክልት ምግብ ቢጠይቅ ያገኛል። ጤፍ በየሱቁ አይገኝም፤ ቡናችን ግን ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። በቶኪዮ ቡና ቤቶች የይርጋ ጨፌና የሐረር ቡና በስሙ ተጠርቶ ይሸጣል፤ ጠጪውም በጥንቃቄና በጸጥታ ይጠጣዋል። ጎረቤትን ለመጥራት ከጀበና የሚበልጥ መልእክተኛ ያለ አይመስለንም።

ስለ ልጆች ትምህርት

የውጭ አገር ሰዎች ልጆቻቸውን በሁለት መንገድ ያስተምራሉ። ሀብታሞቹ ወይም ኩባንያ የሚከፍልላቸው በዓመት ከ2 ሚሊዮን የን በላይ ወደሚጠይቁት የውጭ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ይልካሉ፤ ሌሎቹ ያለ ክፍያ ወደሚያስተምረው የሠፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባሉ። በመንግሥቱ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ምሳቸውን በተራ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፣ በስፖርት ቀናቸውም ወላጅ ሁሉ ምንጣፍ ይዞ መጥቶ ይመለከታል። ይህ ለመጻተኛ ልጅ ከማንኛውም ክለብ ይበልጣል።

ነገር ግን ሕጉ የውጭ አገር ዜጎችን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዲላኩ ስለማያስገድድ፣ የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ባደረገው ምርመራ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የውጭ አገር ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተገምቷል። ወላጅ ለእንጀራ ሲሮጥ ልጁ በሁለት ቋንቋ መካከል ፊደል ሳይቈጥር ቢቀር ከዚህ የሚበልጥ ኪሳራ የለም። በሌላው ወገን ደግሞ ትምህርቱ የሰመረለት ልጅ ጥቂት ዓመት ሲቈይ የእናቱን ቋንቋ ይረሳል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አማርኛ መናገር፣ ማታ ውዳሴ ማርያምን አብሮ መድገም፣ ለአያት በእጁ ደብዳቤ ማስጻፍ የወላጅ ሥራ ነው፤ ይህን የጃፓን አስተማሪ ሊሠራለት አይችልም።

ከመጻተኞች ሁሉ የሚታሰበው አንድ ሰው

በካንዳ ሱሩጋዳይ ኮረብታ ላይ በ1891 የተፈጸመ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የቶኪዮ ሰው በመሥራቹ ስም «የኒኮላይ ቤት» ይለዋል። መስኮባዊው መነኩሴ ኒኮላይ በ1861 ሐኮዳቴ በተባለው ወደብ ሲደርስ ክርስትና ገና የተከለከለ ነበር። እርሱም ለመስበክ አልቸኰለም፤ ለብዙ ዓመታት ቋንቋውን፣ ታሪኩንና የአገሩን መጻሕፍት ተማረ። ሳዋቤ የተባለ ሰይፈኛ የሺንቶ ካህን ሊገድለው መጥቶ፣ አስቀድመህ ትምህርቴን ስማ ቢለው ሰማው፤ በ1868 ተጠመቀ፤ ኋላም ከጃፓናውያን የመጀመሪያው ኦርቶዶክሳዊ ቄስ ሆነ። በ1904 መስኮብና ጃፓን በተዋጉ ጊዜ ኒኮላይ ወደ አገሩ አልሸሸም። ጃፓናውያን ምእመናን ለአገራቸው እንዲጸልዩ ነገራቸው፤ ራሱ ግን መስኮባዊ ስለ ሆነ ከሕዝብ ጸሎት ተለይቶ በቤቱ ተቀመጠ። አገሩን አልካደም፤ የሚኖርበትንም ሕዝብ አልተወም። በ1912 በዚያው በቶኪዮ ዐረፈ። በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የተሰበረው ቤተ ክርስቲያንም በ1929 ታድሶ እስከ ዛሬ በጃፓንኛ ይቀደስበታል።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከእኛ ጋር በቍርባን አንድነት የላትም፤ ስለዚህ የእኛ ምእመን ይህን ከካህኑ ጋር ተማክሮ ማወቅ ይገባዋል። በእምነት አንድ ከሆነችው ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ወገን ግን በኪዮቶ አውራጃ መቅደስ አለ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ታዋድሮስ ዳግማዊ በ2017 ጃፓንን በጎበኙ ጊዜ ወደዚያ ሄደው ነበር።

ማሳሰቢያ

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ወገኖቹ ደብዳቤ በላከ ጊዜ ሻንጣችሁን ታቅፋችሁ ተቀመጡ አላለም፤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው። ለቶኪዮ መጻተኛም የሚሆነው ምክር ከዚህ አይርቅም።

እንግዲህ ወደዚያ ለሚሄድ ወይም ልጁን ለሚልክ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፤ ከመነሣቱ በፊት ቋንቋውን ይጀምር፤ ከ3 ወር በላይ የሚቀመጥ የውጭ ሰው ሁሉ በሕክምና ዋስትና መመዝገብ እንዳለበት፣ ለፖሊስ 110፣ ለእሳትና ለአምቡላንስ 119 እንደሚደወል ይወቅ። ሁለተኛ፤ በሳምንት አንዱን ቀን ለወገኖቹ ቢሰጥ አንዱን ሰዓት ለጎረቤቶቹ ይስጥ። ሦስተኛ፤ ጸሎቱንና ጾሙን እንደ ዕቃ በሣጥን ዘግቶ ለመልሱ ቀን አያስቀምጥ።

የቶኪዮ መብራት በገንዘብ የሚገዛውን ደስታ ሁሉ ያሳያል። ከጎረቤት ጋር የጠረጉት መንገድ፣ በልጅ የስፖርት ቀን የተካፈሉት ምሳ፣ ለእንግዳ የፈላ ቡና ግን በገንዘብ አይገኝም። በሩቅ አገር ያሉትን ልጆቻችንን አምላክ በያሉበት ይጠብቅልን፤ እነርሱም ለሚኖሩበት ሠፈር በረከት ይሁኑ።